ተሳፋሪ ያጣ፣ አልቃሽ ያላጣ ባቡር

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ዴቨን ውስጥ፣ ባርንስተፕል ከምትባል የገበያ ከተማ ተነስቶ ሊንተን የምትባል የገደል አፋፍ ከተማ ድረስ የሚሄድ ትንሽ ባቡር ነበር። የመስመሩ ርዝመት 19 ማይል ነው፤ 31 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑ ነው። በ1898 ሥራ ጀመረ፣ በ1935 ተዘጋ። (እዚህ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በፈረንጆች ናቸው፤ በእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።) ዕድሜው በጠቅላላ 37 ዓመት ነው። ከተዘጋ ዘጠና ዓመት ግድም ሆኖታል።

እንግሊዝ አገር የተዘጋ የገጠር ባቡር እንደ ጉድ ነው። በ1963 ዶክተር ቢቺንግ የሚባሉ የባቡር ድርጅቱ ኃላፊ ባወጡት ሪፖርት ወደ 5,000 ማይል የሚጠጋ ሐዲድና ከ2,300 በላይ ጣቢያዎች እንዲዘጉ ሐሳብ አቀረቡ። ብዙዎቹም ተዘጉ። የሊንተኑ ባቡር ግን ቢቺንግን ቆሞ አልጠበቀም። እሳቸው ሲመጡ እሱ ከሞተ 28 ዓመት ሆኖታል። እንደ እሱ ከሞቱት ውስጥ አብዛኞቹ ዛሬ ስማቸውን የሚያነሳ የለም። ይሄኛው ሙዚየም ገባ፣ ማኅበር ተቋቋመለት፣ የተቆራረጡ ሎኮሞቲቮቹ (ፉርጎ የሚጎትቱት ሞተሮች) እንደ አዲስ ተሠሩለት። በቁሙ ሳለ ግን ተሳፋሪ አጥቶ ነው የሞተው። ይህን ጉዳይ ማየት የፈለግኩት ለዚህ ነው።

የሀብታሙ ሰውዬ ሁለት ባቡሮች

ነገሩ የሚጀምረው ከሰር ጆርጅ ኒውንስ ነው። ለንደን ውስጥ በመጽሔት የከበሩ አሳታሚ ናቸው። የሼርሎክ ሆምስ አጫጭር ታሪኮች የወጡበት ስትራንድ መጽሔት የእሳቸው ነበር። ሊንተንን አይተው ወደዷት፣ ኮረብታ ላይ ትልቅ ቤት ሠሩባት፣ ከዚያም ገንዘባቸውን ያፈሱባት ጀመር።

አካባቢው ውብ ነው፤ ግን መከራ ነው። ሊንተን ገደሉ አናት ላይ ናት። እኅቷ ሊንማውዝ ደግሞ ከሥር፣ ባሕሩ ዳር። በሁለቱ መካከል 150 ሜትር ያህል ቀጥ ያለ አቀበት አለ። በመርከብ የመጣ እንግዳም ሆነ ከሰል ወደ ላይ የሚወጣው በፈረስና በላብ ነበር።

ኒውንስ በመጀመሪያ ገንዘብ ያወጡት ለዚህ አቀበት ነው። በ1890 የገደሉ ባቡር ተከፈተ። አሠራሩን ላስረዳ፤ ደስ ይላል። ሁለት ሳጥን መሰል ፉርጎዎች አሉ። በአንድ ገመድ ተያይዘዋል። አንዱ ላይ ሲሆን ሌላው ታች ነው። እያንዳንዳቸው ከሥራቸው ከ3,000 ሊትር በላይ የሚይዝ የውሃ ጋን አላቸው። ከላይ ያለው ከወንዝ በተጠለፈ ውሃ ይሞላል። ከታች ያለው ውሃውን ያፈሳል። ከዚያ ፍሬኑ ሲለቀቅ ከባዱ ይወርዳል፣ ቀላሉን ይጎትተዋል። ሞተር የለ፣ ከሰል የለ፣ ኤሌክትሪክ የለ። ወንዙ እስካለ ድረስ ይሠራል። ዛሬም እየሠራ ነው።

ሁለተኛው ሥራቸው ሊንተንን ከባርንስተፕል የሚያገናኘው ባቡር ነው። ፈቃዱ በ1895 በፓርላማ ወጣ። ኒውንስ የኩባንያው ሊቀመንበር ሆኑ። አገሩ ኤክስሙር ነው፤ ሸለቆና ኮረብታ ብቻ። መደበኛውን ሰፊ ሐዲድ እዚያ መዘርጋት ተራራ መብሳትና ገንዘብ መጨረስ ነው። ስለዚህ ጠባብ ሐዲድ ተመረጠ። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 60 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። መደበኛው የእንግሊዝ ሐዲድ 1 ሜትር ከ43 ነው። ጠባቡ ሐዲድ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ተራራውን ይዞራል። የሚቆፈረው አነሰ፣ ወጪውም አነሰ ተባለ።

ተባለ ነው እንግዲህ። ዓለቱ ከታሰበው በላይ ጠንካራ ሆነ። ተቋራጩ ተጨማሪ ክፍያ ጠየቀ፣ ከኩባንያው ጋር ተካሰሰ፣ በመጨረሻም ከሰረ። ሎኮሞቲቭ የሚያቀርበው ፋብሪካም ሌላ ጣጣ ነበር። ሦስቱ ማኒንግ ዋርድል ከሚባል የእንግሊዝ ፋብሪካ መጡ። አራተኛው ሲፈለግ ግን የእንግሊዝ ፋብሪካዎች በትእዛዝ ብዛት ተጨናንቀው ነበር። በ1897 ሠራተኛው የስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ሲጠይቅ አሠሪው በር ዘግቶበት፣ ወራት ባክነዋል። ኩባንያው ፊቱን ወደ አሜሪካ አዞረ። ፊላዴልፊያ ካለው ባልድዊን ፋብሪካ አንዱን አዘዘ። በየክፍሉ ተፈታቶ በመርከብ መጣና ባርንስተፕል አጠገብ ተገጣጠመ። እንግሊዝ ገጠር ውስጥ አሜሪካዊ ሎኮሞቲቭ!

ስማቸው በአካባቢው ወንዞች ተሰየመ። ዮ፣ ኤክስ፣ ቶው፣ ሊን። በእንግሊዝኛ እያንዳንዱ ስም ሦስት ፊደል ነው። በኋላ በ1925 የተጨመረው አምስተኛውም ሉ ተባለ፤ እሱም ወንዝ፣ እሱም ሦስት ፊደል። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ ቆይቶ ይመጣል።

በግንቦት 1898 ባቡሩ ሲመረቅ ሁሉም አማረ። ጣቢያዎቹ የስዊስ ተራራ ቤት መልክ ያላቸው ናቸው። ፉርጎዎቹ ጠባብ ቢሆኑም የተሟሉ ነበሩ። በደህና ቀን ነፋስ እየተቀበሉ አገር የሚታይበት መስኮት አልባ ክፍል ሁሉ ነበራቸው። ቼልፋም ላይ ስምንት ቅስት ያለው፣ 21 ሜትር ከፍታ ያለው ድልድይ ተሠራ። በእንግሊዝ ለጠባብ ሐዲድ ከተሠሩት ሁሉ ትልቁ እሱ ነው።

ከመጀመሪያው የታመመ

ሊንተን ጣቢያ ሊንተን ውስጥ አልነበረም። ትክክለኛው በሽታ ይሄ ይመስለኛል። ከተማዋ በጭስና በጩኸት እንዳትበላሽ ተብሎ ጣቢያው ከበላይዋ ባለ ኮረብታ ላይ፣ ከከተማዋ 75 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተሠራ። ለእይታ ጥሩ ነው። ሻንጣ ተሸክሞ ለሚሄድ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው። ባርንስተፕል ላይ ከትልቁ ባቡር ወርዶ ወደ ትንሹ ይቀይራል። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ተጉዞ ኮረብታ ላይ ይጣላል። ከዚያ ወደ ከተማው መውረድ አለበት። ዕቃም እንደዚሁ ነው። ሐዲዱ ስለማይገጥም ከትልቁ ፉርጎ በእጅ ተራግፎ ወደ ትንሹ ይጫናል። አንድ ጆንያ ከሰል ሁለት ጊዜ ጀርባ ላይ ይወጣል ማለት ነው።

የገደሉን ባቡር አስቡት። የሚነሳው ሰው ካለበት ነው፣ የሚደርሰውም ሰው መሄድ ከሚፈልግበት። ሁለቱም የአንድ ሰውዬ ገንዘብ ናቸው፣ በስምንት ዓመት ልዩነት። አንዱ እስከ ዛሬ ትኬት እየቆረጠ ይኖራል። እሱን ግን ማንም አያለቅስለትም። በየዕለቱ ስለሚሠራ ማን ትዝ ይለዋል?

ሌላም የከሸፈ ተስፋ ነበር። መንገድ ላይ ዉዲ ቤይ የሚባል ጣቢያ አለ። ከባሕር ጠለል ወደ 300 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለ፣ ነፋስ የሚያንገላታው ቦታ ነው። ከበታቹ ባለው የባሕር ወሽመጥ አንድ ባለሀብት ጠበቃ የመዝናኛ ከተማ ሊቆረቁር አቅዶ ነበር። የመርከብ መትከያም ሠራ። ባሕሩ ሰባበረው። ሰውዬው ከሰረ፣ በደንበኞቹ ገንዘብ ተከሶም ታሰረ። ከተማው ሳይሠራ ቀረ። ጣቢያው ግን ብቻውን ተገትሮ ቀረ፤ ያልመጣ ሰው የሚጠብቅ ጣቢያ።

ኒውንስ በ1910 ዕዳ ውስጥ ሆነው ሞቱ። ቤታቸው በ1913 ተቃጠለ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መኪናና አውቶቡስ መጣ። አውቶቡሱ ከተማው መሐል ያወርዳል። ኮረብታ የለ፣ መቀየር የለ። በ1923 መስመሩ ሳዘርን ሬይልዌይ በሚባል ትልቅ የባቡር ኩባንያ ሥር ሆነ። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ሳዘርን ገፍቶ አልጣለውም። ሐዲዱን አደሰ፣ ሎኮሞቲቭ ጨመረ፣ ፉርጎ ቀባ። በሞቃቱ በጋቸው ጎብኚ ይመጣል፤ ብርዳማው ክረምታቸው ሲገባ ወንበሩ ባዶ ይሆናል።

በሚያዝያ 1935 ባርንስተፕል ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ባቡሩ ይዘጋ አይዘጋ የሚባልበት ነው። የሊንተን ተወካዮች አይዘጋብን ሊሉ መጡ። የመጡት ግን በመኪና ነው ይባላል። ይህን ታሪክ የባቡሩ ወዳጆች እስከ ዛሬ በምሬት ያወሩታል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚለው የእኛ ተረት ለሊንተን ሰዎች የተተረተ ይመስላል። እኔ ግን ብዙም አልፈርድባቸውም። መኪና ያለው ሰው አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ባቡር፣ ያውም ኮረብታ ወጥቶ፣ ለምን ይያዝ?

የቀብሩ ሳምንት

የመጨረሻው ቀን መስከረም 29 ቀን 1935፣ እሑድ ነበር። በእኛ መስከረም 18 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፣ የመስቀል ማግስት። ከአራት ቀን በኋላ ጣሊያን መረብን ተሻገረ። ያን ሰሞን እኛ ጋ የነበረው ጭንቀት ምን ያህል እንደነበር አስቡት። ዴቨን ውስጥ ደግሞ ሰው ትንሽ ባቡር ሊቀብር ወጥቷል።

የዚያን ቀን ባቡሩ ሰው ጢም አለበት። ዘጠኝ ፉርጎ ተቀጠለ። አንድ ሎኮሞቲቭ ስለማይችለው ዮና ሉ ተባብረው ጎተቱት። በብርዱ ወራት ባዶውን ሲመላለስ የነበረ ባቡር ሲሞት መቆሚያ ጠፋበት። በማግስቱ ባርንስተፕል ጣቢያ ላይ የአበባ ጉንጉን ተቀመጠ። ያኖሩት ካፒቴን ዎልፍ የሚባሉ፣ ዉዲ ቤይ የሚኖሩ ጡረተኛ የባሕር ኃይል መኮንን ናቸው። ካርዱ ላይ ከዘወትር ተሳፋሪና አድናቂ በማያልፍ ጸጸትና ሐዘን የሚል ነበረበት። ከሥሩ ደግሞ፦ ምናልባት አልሞተም፣ ተኝቷል እንጂ።

ቃሉ ከየት እንደመጣ ለአማርኛ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ማቴዎስ ወንጌል ላይ ጌታ ስለ ሹሙ ልጅ የተናገረው ነው፤ ብላቴናይቱ ተኝታለች እንጂ አልሞተችም። ሲናገር ሰዎቹ ሳቁበት ይላል። በ1935ም የካፒቴኑን ካርድ አንብቦ የሳቀ አይጠፋም። ሆኖም ባቡሩን እስከ ዛሬ ያቆየው ይህ ካርድ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከአርባ ዓመት በኋላ የተሰባሰቡት ሰዎች እንደ መፈክር የያዙት ይህንኑ ቃል ነው። አንድም ደግሞ፣ ካፒቴኑ የዘወትር ተሳፋሪ ነኝ ብለዋል። ካለቀሱት ሁሉ ለቅሶው የሚያምርባቸው እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ቆራሌው መጣ። በኅዳር 1935 ሁሉም ነገር ለጨረታ ወጣ። ሐዲድ፣ ምልክት፣ ፉርጎ፣ ሎኮሞቲቭ። ዮ፣ ኤክስ፣ ቶውና አሜሪካዊው ሊን ተቆራርጠው ብረት ሆኑ። ፉርጎዎቹን የአካባቢው ሰው ገዛቸው። አንዱ የጓሮ መጋዘን አደረገው፣ ሌላው የዶሮ ቤት፣ ሌላው የበጋ መናፈሻ። አንዱ ፉርጎ የአንድ ቄስ ቤት ግቢ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ቆየ። ዛሬ ዮርክ ባለው ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም ውስጥ ነው። ሌላው ስናፐር የሚባል ትንሽ ማቆሚያ ላይ ዝናብ ሲወርድበት ኖሮ በ1959 ወደ ዌልስ ተወሰደ። የፌስቲንዮግ ባቡር ሰዎች አድሰው ተሳፋሪ ጫኑበት። የጓሮ መጋዘን መሆን ለፉርጎ ውርደት ይመስላል። ያተረፋቸው ግን እሱ ነው። ሙዚየም ያኔ አልፈለጋቸውም፤ ገበሬው ጣሪያ ስላላቸው ፈለጋቸው።

ሉ ግን አልተቆረጠም። መጀመሪያ የገዛ ሐዲዱን የሚያነሱትን ሰዎች እንዲያግዝ ተደረገ። የተነቀለውን ብረት እየጫነ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። በመስከረም 1936 ሥራው ሲያልቅ ወደ ስዋንሲ ወደብ ተወሰደ። ሳቦር በምትባል መርከብ ተጭኖ ወደ ብራዚል፣ ወደ ፐርናምቡኮ ሄደ። ከዚያ በኋላ ደብዛው ጠፋ። ስኳር ፋብሪካ ገባ የሚል አለ፣ የቡና እርሻ የሚል አለ። ሰዎች በደብዳቤም፣ በመዝገብም፣ በአካልም ፈልገውታል። አልተገኘም። እንዲህ ዓይነት ነገር ለትዝታ ማገዶ ነው። ሬሳው ያልተገኘ ሰው እርሙ አይወጣም አይደል የሚባለው።

ሐዲድ የሌለው መስመር የሠራው ጥፋት

ስለ ተዘጉ ባቡሮች የሚጽፉ ሰዎች የሚወዱት ሣር የበቀለበትን መንገድና ዝምታውን ነው። የፓራኮምብ ታሪክ ለዚያ አይመችም።

ፓራኮምብ መስመሩ ያልፍባት የነበረች መንደር ናት። ባቡሩ ሄደን የሚባለውን ወንዝ ሸለቆ የሚሻገረው በትልቅ የአፈር ቁልል ላይ ነበር። ወንዙ ከቁልሉ ሥር በቱቦ ያልፋል። ባቡሩ ሲዘጋ ብረቱ ተሸጠ። አፈር ግን ማን ይገዛል? ቁልሉ እንዳለ ቀረ። በነሐሴ 1952 በኤክስሙር ላይ የወረደው ዶፍ ሊንማውዝን አወደመ። በዚያ ጎርፍ 34 ሰው ሞተ። ፓራኮምብ ላይ ደግሞ ቱቦው በግንድና በድንጋይ ተደፈነ። የድሮው የባቡር ቁልል ሳይታሰብ ግድብ ሆነ። ውሃው ተጠራቀመ፣ ከዚያ ቁልሉ ተደረመሰ። የተዘጋ ባቡር ሄዶ አያልቅም። የሚንከባከበው ሰው ነው የሚሄደው።

ትዝታን ወርክሾፕ ማስገባት

በ1979 የባቡሩ ወዳጆች ማኅበር ተቋቋመ። በ1995 ዉዲ ቤይ ጣቢያን ገዙ። አዎ፣ ያንኑ ከተማው ሳይመጣ የቀረውን ጣቢያ። በ2004 ከጣቢያው አጠገብ ባቡር መሄድ ጀመረ። በ2006 ኪሊንግተን ሌን የሚባል ቦታ ድረስ ተራዘመ። ርዝመቱ አንድ ማይል ገደማ ነው። ሄዶ ይመለሳል፣ በቃ። ነገር ግን ሰው ከሩቅ አገር ይመጣል። በባቡሩ ዕድሜ ብዙ ሰው የማይወርድበት ጣቢያ ዛሬ ሰው የሚሄድበት ዋናው ጣቢያ ሆነ። ጠበቃው ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር?

ሎኮሞቲቮቹስ? ተቆራርጠዋል፣ አንዱ ብራዚል ጠፍቷል። ስለዚህ ከአሮጌ ንድፍ ተነስተው አዲስ ሠሩ። በ2010 የፌስቲንዮግ ወርክሾፕ የሉን ዓይነት አዲስ ሎኮሞቲቭ አጠናቀቀ። ስሙን ሊድ አሉት። ሊድ ዴቨን ውስጥ ያለ ወንዝ ነው፣ በእንግሊዝኛም ሦስት ፊደል። በ2017 ደግሞ አሜሪካዊው ሊን አዲስ ሆኖ ተመለሰ። ከዶሮ ቤትና ከጓሮ ከተሰበሰበው የፉርጎ ቅሪት ሦስቱ ታድሰው በ2013 ሐዲድ ላይ ወጡ። ሲታደሱ ከአሮጌው እንጨት ሊተርፍ የቻለው ሁሉ እንዲተርፍ ተደርጓል።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። አዲስ የተሠራ ሎኮሞቲቭ አሮጌ ነው ማለት አልችልም። ያማረው፣ የተወለወለው፣ እሑድ እሑድ ቤተሰብ የሚጭነው ባቡር የጥንቱ አይደለም። የጥንቱ ከሰል በጀርባ የሚራገፍበት፣ ክረምት ባዶውን የሚሄድ ባቡር ነበር። ያ ሁሉ ድካም ዛሬ ዉዲ ቤይ ላይ አይታይም። ግን የስሙን ፊደል እንኳ ሳያዛንፉ መሥራት ተራ ፍቅር አይደለም። ፎቶ ላይ ልብ ማንጠልጠል ቀላል ነው። ቦይለር (እንፋሎት የሚፈላበትን ጋን) መሥራት፣ የደኅንነት ፈቃድ ማውጣት፣ ብረት በገንዘብ መግዛት ሌላ ነው። ሊንተንን ከሌሎቹ የተዘጉ መስመሮች የለየው ይሄ ይመስለኛል። ወዳጆቹ ማልቀሱን ትተው ሥራ ያዙ።

ሥራው ታዲያ ገና ነው። በ2018 የኤክስሙር ብሔራዊ ፓርክ አስተዳደር መስመሩ በፓራኮምብ በኩል ወደ ድሮው ብላክሙር ጣቢያ እንዲራዘም ፈቀደ። ፈቃድ ወረቀት ነው። የድሮው መስመር መሬት ከተሸጠ ጀምሮ በብዙ ሰው እጅ ተከፋፍሏል። እያንዳንዱን ባለመሬት ማግባባት፣ ከእያንዳንዱ መግዛት ያስፈልጋል። ወደ ሊንተንም እንዲሁ ነው፤ የሊንተን ጣቢያ ከተዘጋ በኋላ የሰው መኖሪያ ሆኖ ነበር። ወደ ባርንስተፕል ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ከብላክሙር ወዲያ በ1950ዎቹ ዊስትላንድፓውንድ የሚባል የውሃ ማጠራቀሚያ ግድብ ተሠርቷል። ከድሮው መስመር የተወሰነው ውሃ ውስጥ ነው። ባቡሩ እዚያ ከደረሰ ግድቡን የሚዞር አዲስ መንገድ ይቀየሳል።